ያዋጣነው መሬት ልንገዛ አይደለም

ከአቃቂ አለፍ ብሎ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚያወጣው በኩል፣ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎችና በዙሪያችን የቀሩት ገበሬዎች ገንዘብ እያዋጣን የእርሻ መሬቱን ከግንባታ ለማትረፍ የጀመርነውን ሥራ የሚተች ረዘም ያለ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲያነበው ሰንብቷል። ከመዋጮው ጀማሪዎች አንዱ ስለሆንኩ ገለልተኛ ነኝ አልልም። ጽሑፉ ግን ስድብ የለበትም፣ ታስቦበት የተጻፈ ነው፣ አንዳንዱ ነጥቡም ልክ ነው። እንዲህ ያለውን ትችት በዝምታ ማለፍ ነውር ይመስለኛል።

ጭብጡ ባጭሩ ይኸው ነው። በኢትዮጵያ መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ስለዚህ «መሬት ለማዳን» የሚሰበሰብ ብር የሚገዛው ነገር የለም። እንግሊዝ አገር ሕዝብ አዋጥቶ እርሻ ያተረፈው መግዛት ስለሚቻል ነው። ገበሬው ራሱ መሸጥ ይፈልጋል። መሬቱ ከተማውን የሚያበላው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ቤት ግን ያስፈልጋል። አትክልቱም በፋብሪካ ፍሳሽ የሚበቅል መርዝ ነው። አዋጪዎቹ ደግሞ ራሳቸው በእርሻ ላይ በተሠራ ቤት ነው የሚኖሩት። በመጨረሻም፣ ብሩ የት እንደሚገባ ማን ያውቃል? ሁሉንም እነካለሁ፤ እኩል ጊዜ ግን አልሰጣቸውም።

በመጀመሪያው ልጀምር። «ሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም ይላል» ይላሉ ጸሐፊው። እውነት ነው፣ ይላል። አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3ን የማያውቅ ሰው በእኛ ሰፈር የለም፤ የገጠር መሬት በ1967 ከተወረሰ ጀምሮ ነገሩ አዲስ አይደለም። ጸሐፊው ግን ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ ቆሙ። ትንሽ ዝቅ ቢሉ ንዑስ አንቀጽ 4ን ያገኙ ነበር፤ የኢትዮጵያ ገበሬዎች መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመነቀል መብት የተጻፈው እዚያ ነው። ንዑስ አንቀጽ 7 ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ያፈራው ቋሚ ንብረትና ማሻሻያ የራሱ መሆኑን ይናገራል። ንዑስ አንቀጽ 8 ደግሞ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲፈልገው ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ከፍሎ ሊወስድ እንደሚችል ይደነግጋል። የእኛ መዋጮ ከንዑስ አንቀጽ 3 ጋር ምንም ጠብ የለውም። የሚሠራው በተከታዮቹ ላይ ነው።

ጎረቤት ሲታመም ሰፈሩ የሚያዋጣው ሆስፒታሉን ለመግዛት አይደለም። ለመድኃኒቱ፣ ለመኪናው፣ አስታማሚው ከሥራ ለሚቀርበት ቀን ነው። የእኛም ብር የሚሄደው እንዲህ ወዳለው ነገር ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ወረቀት።

በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ የሚከፈለውን ካሳ የሚያሰላው ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ውስጥ ከፍተኛውን የዓመት ገቢ በ15 አባዝቶ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 የ5 ዓመቱን አማካይ በ10 ነበር የሚያባዛው። መሻሻሉ ቀላል አይደለም። ነገር ግን በ15 የሚባዛው ቁጥር ከየት ይመጣል? ገበሬ ደረሰኝ አይቆርጥም። ጤፉን ለነጋዴ ሲሸጥ፣ ጭዱን ለከብት አድላቢ ሲያስጭን፣ ሚስቱ የሽምብራ እሸት ታክሲ መያዣው ላይ በእስር በእስር ስትሸጥ ማንም አይጽፈውም። ስለዚህ መጻፍ የሚችሉ ልጆች በየቤቱ እየዞሩ እንዲጽፉ አደረግን። አንዱን ደብተር ሳገላብጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ተራ የተማሪ ደብተር ነው፤ ጀርባው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ አለው። በየገጹ አናት ወሩ ተጽፏል፤ ከሥር ጤፍ በኩንታል፣ ጭድ በጭነት፣ ወተት በሊትር፣ ኩበት በማዳበሪያ ከረጢት፣ ለአጥር የተሸጠ ባሕር ዛፍ በቁጥር ተሰልፏል። በቀኝ በኩል የገዢው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ አለ። የኅዳርና የታኅሣሥ ገጾች ላይ የእሸቱ ሽያጭ ብቻውን ያስደነግጣል። ደብተሩ ባይኖር ካሳ ገማቹ ሊጽፍለት የሚችለው ዓይኑ ያየውን ጤፍ ብቻ ነበር።

ሌላው የወረቀት ጣጣ ጊዜ ነው። የማስለቀቂያ ትዕዛዝ የደረሰው ሰው ቅሬታ ካለው በ30 ቀን ውስጥ አቤት ማለት አለበት። ማንበብ የማይችል ሰው፣ አዝመራው ሜዳ ላይ ተከምሮ፣ በ30 ቀን ውስጥ ጠበቃ ፈልጎ፣ ማስረጃ አሰባስቦ፣ አቤቱታ አስጽፎ ይደርሳል? በእኛ በኩል ደግሞ ድንበሩ ራሱ እንቆቅልሽ ነው። ወዲህ አዲስ አበባ፣ ወዲያ በ2015 ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎንና ሌሎችን አዋሕዶ የተመሠረተው የሸገር ከተማ ነው። ቤቱ በአንዱ፣ እርሻው በሌላው የሆነበት ሰው የትኛው ቢሮ እንደሚሄድ ለማወቅ ብቻ ሰው ማማከር አለበት። አማካሪው በነጻ አይሠራም። ጸሐፊው «የሚገዛው ነገር የለም» ያሉት ብር ይህንን ነው የሚገዛው።

ወደ እንግሊዙ ምሳሌ እንምጣ። ጸሐፊው የጠቀሱት ፎርድሆል የሚባለውን እርሻ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ 8,000 የሚሆኑ ሰዎች በ50 ፓውንድ አክሲዮን እየገዙ 800,000 ፓውንድ ያህል አሰባስበው እርሻውን የጋራ አደረጉት። ልክ ናቸው፤ ያ መንገድ ለእኛ ዝግ ነው፤ እኛም አልሞከርነውም። ከባሕር ማዶ ምሳሌ ካስፈለገ ግን ለእኛ የሚቀርበው የፈረንሳዩ ላርዛክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 መንግሥት በዚያ አምባ ላይ ያለውን የጦር ሰፈር ከ3,000 ሄክታር ወደ 17,000 ሄክታር ላስፋ ሲል በግ አርቢዎች ይበዙባቸው የነበሩት ገበሬዎች እምቢ አሉ፤ 103ቱ መሬታችንን አንለቅም ብለው ተፈራረሙ። ደጋፊዎቻቸው እያዋጡ ቁራጭ ቁራጭ መሬት በጋራ ገዙ። እነዚያ ቁራጮች እርሻውን አላዳኑትም፤ ለዚያ እጅግ ትንሽ ነበሩ። ያደረጉት ነገር የማስለቀቁን ሥራ ማንዛዛት ነበር። ነገሩ እስከ 1981 ዘለቀ፤ በዚያ ዓመት የተመረጡት ፕሬዚዳንት ሚተራን ዕቅዱን ሰረዙት። መግዛት በሚቻልበት አገር እንኳ የተዋጣው ብር ዋና ጥቅሙ ፋታ ማስገኘት ነበር።

አሁን ከጽሑፉ ሁሉ ከባዱን ነጥብ ልያዝ። «ገበሬው ራሱ መሸጥ ይፈልጋል፤ እናንተ ማን ናችሁና ትከለክሉታላችሁ?» ይላል። ይህንን በአንድ ቃል «ውሸት» ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ የሚፈልግ አለ። ዕድሜው የገፋ፣ ልጆቹ ከተማ የገቡ፣ በሬ መግፋት ያቃተው ሰው መሬቱ ሸክም ሊሆንበት ይችላል። ገበሬ ሁሉ ገበሬ ሆኖ ይሙት የሚል አቋም የለንም። ነገር ግን ጸሐፊው «ይፈልጋል» ሲሉ መቼ እንደሚፈልግ አልጠየቁም።

ደላላ በጥር አይመጣም። በጥር ጤፉ ተወቅቷል፣ ጎተራው ሞልቷል፣ ሰውየው ሰርግ እያሰበ ነው። ደላላው የሚመጣው ዝናቡ ሲጠነክር፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው። ያን ጊዜ ያለፈው ዓመት እህል አልቋል፣ የማዳበሪያው ብር ወጥቷል፣ መስከረም ላይ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም አለ። በዚያ ላይ አንድ ሰው ታመመ እንበል። ደላላው ጃንጥላውን ይዞ፣ ቡትስ ጫማውን አጥልቆ፣ ደጃፍ ላይ ይቆምና «ሁለት መቶ ካሬ ብቻ፣ ከዳር፣ ከማትታረሰዋ» ይላል። ገንዘቡ በእጁ ነው። ቆጥሮ ያሳያል።

ሽያጩ ሕጋዊ ስላልሆነ ውሉ ሽያጭ ተብሎ አይጻፍም። የብድር ውል ይባላል፣ ወይም ስጦታ፣ ወይም ውክልና። ሁለት ሦስት ሽማግሌ ይፈርምበታል። ከዚያ ደላላው ያቺን ሁለት መቶ ካሬ ለሌላ ይሸጣል፣ ያም ለሌላ፤ በየእጁ ዋጋዋ ይወጣል፤ ለገበሬው ግን የነሐሴዋ ዋጋ ብቻ ነች። በዓመቱ ተመልሶ ሲመጣ ከዳር ሳይሆን ከመሀል ነው የሚጠይቀው፤ ምክንያቱም ዳሩ ላይ የጨረቃ ቤት ተሠርቶ ውሃ መውረጃው ተዘግቷል፣ መሀሉ ውሃ ይተኛበታል፣ ምርቱ ቀንሷል። እኔ ያየሁት መሸጥ እንዲህ ያለ ነው። ፍላጎት ብሎ ለመጥራት አፌ አይታዘዝልኝም።

የመጨረሻው ገዢም አላተረፈም። በ2011 ለገጣፎ ላይ ሕገወጥ ናቸው ተብለው የፈረሱትን ቤቶች ያስታውሷቸዋል። ብዙዎቹ የላብ ዋጋቸውን ከፍለው ነው የገቡት፤ በእጃቸው የነበረው ወረቀት ግን ግሬደር የሚያቆም አልነበረም። እርሻውም ጠፋ፣ ቤቱም ጠፋ፤ ያተረፈው አገናኙ ብቻ ነው።

ስለዚህ የመዋጮው ትልቁ ድርሻ የሚሄደው ለክረምት ብድር ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ይሰጣል፣ ጥር ላይ ከውቂያ በኋላ ይመለሳል። መዋጮአችን እንደ እድር የሚሠራ ስለሆነ ጸሐፊው «እድር ማበደር ይችላል ወይ?» ብለው ጠይቀዋል፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ብድሩ የሚሰጠው በኅብረት ሥራ ማህበራት አዋጅ መሠረት በተመዘገበ የቁጠባና ብድር ማህበር በኩል ነው፤ ተበዳሪው ገበሬም የማህበሩ አባል ነው። መያዣ አንጠይቅም፤ ሁለት ዋስ እንጠይቃለን፤ አንዱ ገበሬ፣ አንዱ ከኮንዶሚኒየሙ። ይህ የሁለት ወገን ዋስትና መጀመሪያ ብዙ ክርክር አስነስቶ ነበር፤ ዛሬ ከሁሉ የምወደው ደንባችን ነው፤ ነሐሴ ላይ ማን እንደተቸገረ ፎቅ ላይ ያለው ሰው እንዲያውቅ ያስገድደዋል። ተበድሮም የሸጠ የለም ወይ? አለ። ልጁን ወደ ዓረብ አገር ለመላክ የሸጠ ሰው አለ፤ የእኛ ብድር ለዚያ አይበቃም። አልተቀየምነውም፣ የተበደረውንም መልሷል።

ቀጥሎ የምርት ነገር። ጸሐፊው እንደሚሉት አንድ ሄክታር ጤፍ ጥቂት ቤተሰብ ይቀልባል፣ አንድ ሄክታር ፎቅ ግን ብዙ ቤተሰብ ያሳድራል፤ ሒሳቡ ያልቃል። እርግጥ ነው፣ አዲስ አበባ የምትበላው እህል ከጎጃም፣ ከአርሲ፣ ከየአገሩ ነው የሚመጣው፤ የአቃቂ ሜዳ ብቻውን መርካቶን አይሞላም። ይህንን ማንም አልካደም። የረሱት አፈሩን ነው።

ከአቃቂ እስከ አዳ የተዘረጋው ጥቁር መሬት፣ የአካባቢው ሰው ኮቲቻ የሚለው፣ ሁለት ጠባይ አለው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ መጋቢት ላይ ስንጥቁ ውስጥ ክንድዎን ቢከቱ እስከ ክርንዎ ይገባል። ለእርሻ ይህ ጠባይ በረከት ነው። እርጥበት ስለሚይዝ ሐምሌ ላይ ጤፍ ይዘራበታል፤ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ደግሞ ሽምብራ፣ ምስርና ጓያ ተዘርቶ ያለ አንዲት መስኖ፣ አፈሩ ባስቀረው እርጥበት ብቻ ይበቅላል። ቁንጮ የሚባለውን የጤፍ ዝርያ በ1998 ያወጣው የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በዚሁ የአፈር ቀጠና ቢሾፍቱ ላይ የተቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ለግንባታ ግን ያው ጠባይ እርግማን ነው። በሰፈራችን ቤት ያሠራን ሁሉ እናውቀዋለን። የሚያብጥ የሚኮማተር አፈር ላይ መሠረት አይቆምም፤ ስለዚህ ጥቁሩ አፈር ተዝቆ ይወጣል፣ በምትኩ ገረጋንቲ በሲኖትራክ እየመጣ ይሞላል፣ ይደመደማል። ገንዘብ ያነሰው ሰው ቁፋሮውን ያሳጥራል፤ አጥሩ በሁለተኛው ክረምት ከላይ እስከ ታች ይተረተራል፣ በሩ አልዘጋ ይላል፣ ሴራሚኩ ይነሳል። ተዝቆ የወጣው አፈርስ? የወንዝ ዳር ላይ ተገልብጦ በጎርፍ ይወሰዳል። ለእርሻ ከተመረጠ አፈር አንዱን አንስተን፣ እንጣልና፣ በቦታው ድንጋይ እንሙላ ማለት እኮ ነው። አንድ ሄክታር ፎቅ ብዙ ሰው እንደሚያሳድር አልከራከርም፤ ያ ፎቅ ግን ጠጠራማ ኮረብታ ላይም ይቆማል፣ ለዚያውም በርካሽ። ጤፍና ሽምብራ ኮረብታው ላይ ውጡ ቢባሉ አይወጡም።

ቤት ያስፈልጋል። እኔ ዕጣ ደርሶኝ ኮንዶሚኒየም የገባሁ ሰው ነኝ፤ ቤት አያስፈልግም ብል ያስቅብኛል። ከቤታችን ወደ መሀል ከተማ ስንሄድ ግን በቆርቆሮ ታጥረው አረም የወረሳቸው ቦታዎች እናያለን። የከተማው አስተዳደር ራሱ ታጥረው የተቀመጡ ቦታዎችን እነጥቃለሁ እያለ ደጋግሞ ያስታወቀው እነዚህን ነው። መንገድ፣ መብራትና ውሃ የደረሳቸው ቦታዎች ቆርቆሮ ለብሰው ሳለ መብራት ያልደረሰው ኮቲቻ ላይ መቻኮሉ ቤት የማጣት ጉዳይ አይመስለኝም። ሌላው ይቅር፣ መንግሥት በ2015 የሌማት ትሩፋት ብሎ ነዋሪው በጓሮውና በበረንዳው አትክልትና ዶሮ እንዲያለማ እየወተወተ ነው። እኛም ፎቅ ላይ በፕላስቲክ ባልዲ ጎመን ተክለናል፤ መጥፎ አይደለም፣ ይበላል። ከመስኮቱ ሥር ያለውን የጤፍ ማሳ እየሸፈኑ በባልዲ ጎመን ማብቀል ግን ለማስረዳት የሚያስቸግር ነገር ነው።

ስለ አትክልቱ መርዝነት ጸሐፊው የጻፉት ልክ ነው፤ ከዚህም አጠንክረው ቢጽፉት ደስ ይለኝ ነበር። የአቃቂ ወንዝ የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ተሸክሞ ይወርዳል፤ በዚያ ውሃ የሚበቅለው ሰላጣና ቆስጣ ላይ ክሮሚየምን የመሰሉ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን በተለያዩ ጊዜያት የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። እኔም ከወንዙ ዳር የመጣ ሰላጣ ቤቴ አላስገባም። ከዚህ ተነስተው ግን «እርሻው ቢጠፋ ምን ጎደለ» ሲሉ ሁለት ነገር አምታተዋል። አንደኛ፣ የምንነጋገርበት ማሳ ዝናብ ጠባቂ ነው፤ ጤፉም ሽምብራውም የወንዝ ውሃ አይነካውም። ሁለተኛ፣ ወንዙን ያቆሸሸው ከላይ ያለው ከተማ ነው። ቆሻሻውን የለቀቀው ቀርቶ የተለቀቀበት ገበሬ የሚነሳበት ምክንያት አይገባኝም።

«ራሳችሁ በእርሻ መሬት ላይ ትኖራላችሁ» ለሚለው አዎ እንኖራለን። የእኛ ቤት ሲሠራ የተነሱት ሰዎች ጥቂቶቹ ዛሬ የሰፈራችን ጥበቃና ጉልበት ሠራተኛ ናቸው፤ በየማለዳው ሰላም እንባባላለን። ለመዋጮው ከተገፋፋንባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፤ ጸሐፊው እንደ ማፈሪያ ያነሱት ነገር ለእኛ ማስረጃ ነው።

የቀረው ብሩ ነው። በዚህ ላይ ጸሐፊው ጥርጣሬ ብቻ እንጂ ማስረጃ አላቀረቡም፤ ጥርጣሬው ግን ተገቢ ነው፤ ለበሽተኛ ተብሎ ተለምኖ የጠፋ ብር ያላየ አዲስ አበቤ የለም። አሠራራችን የእድር አሠራር ነው። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለ፤ ከባንክ ለማውጣት ሦስቱም ይፈርማሉ፤ ከሦስቱ አንዱ የግድ ከገበሬዎቹ ወገን ነው። ወጪና ገቢው በየወሩ ስብሰባ ላይ በቃል ይነበባል፣ ማንበብ የማይችለውም እንዲሰማ። ቀብር ላይ ያልቀረ ሰው ስብሰባ ላይ አይቀርም፤ ሲጠይቅም ይሉኝታ የለውም። ባለፈው የፎቶ ኮፒ ወጪ በዛ ተብሎ ግማሽ ሰዓት ተጨቃጭቀናል፣ ለፎቶ ኮፒ!

ሕጉን በተመለከተ፣ በ2011 የወጣው የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 እድርና እቁብን አይመለከትም፤ አባላት እርስ በርስ ማዋጣታቸው የራሳቸው ጉዳይ ነው። ከአባላት ውጭ ካለው ሕዝብ ለመለመን ግን አምስትና ከዚያ በላይ ሰዎች የበጎ አድራጎት ኮሚቴ አቋቁመው ሊፈቀድላቸው ይገባል። ማመልከቻችን ገብቷል። መልሱ እስኪመጣ ከውጭ ሰው ሳንቲም አንቀበልም፤ በቴሌብር የላኩልንንም ይቅርታ ጠይቀን መልሰንላቸዋል። ጸሐፊው በመጨረሻው አንቀጻቸው ገለልተኛ ሒሳብ መርማሪ ይግባ ብለዋል። ይግባ። የሚያምኑትን ባለሙያ ይዘው የወሩ ስብሰባ ላይ ይምጡ፤ መዝገቡም የባንክ ደብተሩም ጠረጴዛ ላይ ይቀርብላቸዋል። የባለሙያውን ዋጋ ግን ራሳቸው ይከፍላሉ፤ ለክረምት ብድር የተዋጣውን ብር ለዚያ እናውጣ ብል የፎቶ ኮፒው ጭቅጭቅ ይደገምብኛል።